የመርከብ ዕረፍቴን ለአባባ ሳወራላቸው

አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ የዓመት ፈቃዴ ለራሴ ሆኖ አያውቅም። ወይ ለሠርግ ኮምቦልቻ እገባለሁ፣ ወይ ለለቅሶ ደሴ እደርሳለሁ። ከዚያ የተረፈውን ትርፍ ሰዓት እሠራበታለሁ። ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። ባለፈው ጥር ግን አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ጎትጉታኝ፣ ከማያሚ ተነስቶ የካሪቢያንን ባሕር በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ተሳፈርን። ለቤተሰብ ትንፍሽ አላልኩም። ያ ብር ለስንት ነገር ይሆን ነበር የሚለው ሐሳብ ይከነክነኝ ነበር።

ያወራሁት ዘንድሮ ኮምቦልቻ ስገባ፣ አቦሉ ተቀድቶ ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በጉልምስናቸው ኤንትሬ ከነተሳቢው እየነዱ በባቲ፣ በሚሌ፣ በማንዳ አድርገው አሰብ ይወርዱ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላዩም። መርከብ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ስንት ቶን ይጭናል?»

«ጭነቱ ሰው ነው አባባ» አልኳቸው። ገና ወደብ ላይ ሳለን ተሳፋሪው ሁሉ እየተጠራ፣ አደጋ ቢመጣ የት እንደሚሰበሰብና የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ እንዴት እንደሚታሰር እንደሚያሳዩን ነገርኳቸው። ይሄን በጣም ወደዱት። «አያናውጥም?» አሉ። ከሆዱ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የሚዘረጋ ብረት አለው፣ መወዛወዙን ይቀንሳል። ዝቅ ብሎ መሃል ላይ ያለ ክፍል ደግሞ ከሌላው ያነሰ ይንቀሳቀሳል። የኛ እዚያ ነበር፤ መስኮት ስለሌለው ዋጋውም ይረክሳል። እማማ የገረማቸው የመጠጥ ውሃው ነው። መርከቡ ራሱ የባሕሩን ውሃ ከጨው እየለየ ያጣራል ስላቸው፣ «ሱብሃነላህ!» አሉ።

ስለ ደሴቶቹ ብዙም አላወራሁም። ባሃማስ ወረድን፣ ኮዙሜል ወረድን፣ ገበያ ዞርን፣ ተመለስን። እኔን የነካኝ መርከቡ የትም ሳይቆም የሚውልበት ቀን ነው። ኢንተርኔቱ ውድ ስለሆነ ስልኬን ዘጋሁ። ላይኛው ወለል ላይ ጋደም አልኩ። መጀመሪያ ጨነቀኝ። እጄ ሥራ ፈለገ። ፎጣዬን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ መልሼ አጠፍኩ። ወደ ቀትር ላይ ትከሻዬ ሲላላ ታወቀኝ። ከዚያ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ክፍላችንን የምታጸዳው ፊሊፒናዊት ነበረች። ልጆቿን እናቷ ጋ ትታ ለወራት ኮንትራት የፈረመች። እኔም አልጋ ሳነጥፍ የምውል ሴት ነኝና አንሶላዬን ራሴ ማንጠፍ ጀመርኩ። ከእጄ ቀማችኝ። «አንቺ ዕረፍት ላይ ነሽ፣ ተይው» አለችኝ። ይሄን አልረሳውም። ከሂሳቡ ከሚቆረጠው ጉርሻ ሌላ፣ ስንወርድ በእጇ ሰጠኋት።

እዚህ ላይ እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነው ዱዓ የማደርግልሽ። አረፍኩ ብለሽ ብትደውዪ ምን ነበረበት?»

መልስ አጣሁ። ስደት ላይ ያለን ሰዎች ድካማችንን እንናገራለን፣ ደስታችንን እንሸሽጋለን። ብር ስንልክ ፎቶ አንልክም። ቤተሰብ የሚቀየመን ይመስለናል። እማማ ግን ዓመት ሙሉ ስትለፋ ብቻ የሚያስቧት ልጅ ነበረቻቸው፤ የኔ ዝምታ እሳቸውንም ዕረፍት ነስቷቸዋል።

«አብሽሪ፣ ደግ አድርገሻል» አሉኝ አባባ። ቀጥለው፣ «በቀይ ባሕር በኩልስ እንዲህ ያለ መርከብ አለ?» ብለው ጠየቁ። ከጂዳ የሚነሳ እንዳለ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ዑምራችንን አድርገን በዚያው እንሳፈራለን።»

እማማ ሳቁ፤ አባባ ግን የምራቸውን ነው። እኔም ዋጋ መጠያየቅ ጀምሬያለሁ። ሁለቱም ፓስፖርት የላቸውም፤ በዚህ ሳምንት ሐረጎን ሽቅብ ወጥተን ደሴ እናመለክታለን። ክፍሉን መስኮት ያለው ነው የምይዝላቸው።