ዘፈኑን የበላው ኮምፒውተር

በኮሮናው ጊዜ ደብሊን ውስጥ እንጀራዬ ተረት ነበር። ተራኪው ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ከጀርባ ሆኜ ድምፁን፣ ምስሉንና የተመልካቹን መልእክት ነው የምከታተለው። አዳራሾች ስለተዘጉ፣ አየርላንዶች «ሻናኪ» የሚሏቸው ባለ ተረቶች ከየሳሎናቸው በኦንላይን በቀጥታ ይተርኩ ነበር።

የዚያን ምሽት ተረኛ አንድ አዛውንት ናቸው። ተረቱ የሊር ልጆች። አገሬው ከልጅነቱ የሚያውቀው ነው፤ ደብሊን መሃል፣ ፓርኔል አደባባይ ባለው የመታሰቢያ የአትክልት ቦታ ከ1971 ጀምሮ ሐውልታቸው ቆሟል። የእንጀራ እናታቸው ኢፋ በቅናት ተነሳስታ አራቱን ልጆች ስዋን ታደርጋቸዋለች፤ ነጭ፣ አንገተ ረጅም የውሃ ወፍ። እርግማኑ 900 ዓመት ነው። 300 በዴራቫራ ሐይቅ፣ 300 በአየርላንድና በስኮትላንድ መካከል ባለው በሞይል ባሕር፣ 300 ደግሞ በምዕራቡ ዳርቻ በኢኒሽግሎራ። ኢፋ ታዲያ ድምፃቸውን አልነጠቀቻቸውም። ይናገራሉ፣ ይዘፍናሉ። ዘፈናቸውን ለመስማት ሰው ሐይቁ ዳር ይሰፍራል።

እዚህ ላይ ሲደርሱ አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ማንጎራጎር ጀመሩ። ቦድራን የሚባለውን የፍየል ቆዳ ከበሮም በጣታቸው ቀስ እያደረጉ ይመታሉ።

በጆሮ ማዳመጫዬ ግን ጭጭ። ጣታቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ የለም። ወዲያው መልእክቱ ጎረፈ፦ «ድምፅ ጠፋ»፣ «የእኔ ኢንተርኔት ነው?»

ኢንተርኔት አልነበረም። የስብሰባ መተግበሪያዎች ጫጫታ የሚያጠፋ ማጣሪያ አላቸው። የተሠራው ለንግግር ነው። ቃል ሲሰማ ያሳልፋል፤ ወጥ ሆኖ የሚረዝም ድምፅ ሲያገኝ ግን ማራገቢያ ወይም ሞተር ይመስለውና ይቆርጠዋል። ኢፋ እንኳ ያልነካችውን ዘፈን ኮምፒውተሩ ዋጥ አደረገው። ቀደም ብሎ የተደረገው ሙከራ ደግሞ የተለመደው ነው፦ «ሃሎ፣ ይሰማል?» «ጥርት ብሎ!»

ማጣሪያው የሚጠፋው ከተራኪው ኮምፒውተር ነው። ከእኔ ዘንድ ሆኖ ምንም ማድረግ አይቻልም። እንዳልጽፍላቸው ዓይናቸው ተጨፍኗል። የአድማጩም ማይክ በሙሉ ተዘግቷል። እኛ አገር ቢሆን «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» የሚል ከጠፋ፣ ተራኪው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያኔውኑ ይገባዋል። እሳቸው በምን ይወቁ?

ቤታቸው ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሱ። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ካሜራው ፊት ብቅ አሉና ስልኩን በትከሻቸው ይዘው መነካካት ጀመሩ። «ማይኩ ጋ... ከሱ ዝቅ ብሎ... አዎ፣ ድምፁን እንዳለ አሳልፍ የሚለውን።» ዘፈኑ ከመሃሉ ከች አለ። አዛውንቱ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። ስዋኖቹንም ወደ ዴራቫራ መልሰው እንደገና አዘፈኗቸው።

ከዚያ ወዲህ በሙከራ ሰዓት «ሃሎ» ብቻ አይበቃኝም። ያንጎራጉሩ፣ ያንሾካሹኩ፣ ከበሮ ካለም ይምቱ እላለሁ። ማጣሪያው ሲጠፋ የቤቱ ኮሽታ ሁሉ ይገባል ብለው ያጉረመረሙ ባልደረቦች ነበሩ። እውነታቸውን ነው። አዛውንቱ ያንኑ ተረት ለሌላ ቀን ሲደግሙት፣ ስዋኖቹ በሞይል ማዕበል እየተንገላቱ ሳለ ውሻቸው ጮኸ። አንድ ልጅ «ባሕሩ ላይ ውሻም ነበር?» ብሎ ጻፈ።

«ነበረ እንጂ!» አሉ አዛውንቱ፤ ለውሻውም ጀልባ ፈለጉለት።