ጉንፋን ነው ብዬ ያለፍኩት

እማዬ ቡና አልጠጣም ያለች ቀን ነበር ማወቅ የነበረብኝ።

የ2017 ዓ.ም. ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። የምሠራው እዚህ አሜሪካ ኤርፖርት ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለሆነ ቤቴ የምገባው ጠዋት ነው፤ ስገባ ጀበናው ተጥዶ፣ ቤቱ በቡና ታጥኖ ነው የሚቀበለኝ። ያን ቀን ወጥ ቤቱ ጨለማ ነበር። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። «ደከመኝ ልጄ፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስላደርኩ ነው» አለችኝ። እኔው አፍልቼ ሰጠኋት። ሲኒውን ተቀብላ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። እናቴ ቡና ስትመልስ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሙቀቷን ለካሁ። 98 ፋራናይት። ትኩሳት የለም፤ እፎይ አልኩ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር አፍልቼ አጠጣኋት። እሷ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ቢኖር ነበር» ትላለች። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደውዬ «ጉንፋን ይዟታል» አልኳትና ተኛሁ።

ገና ዕለት ቤታችን ሰው በሰው ነበር። ከመጡት መሃል የሚያስሉ ነበሩ። እማዬ ደግሞ ትልቅ ሰው ናት፤ የመጣ ሁሉ ጉልበቷን ሊስም ይጎነበሳል፣ እሷ ቀና አድርጋ ጉንጩን ትስማለች። ማንንም አልወቅስም። በኋላ እንዳወቅነው የያዛት ጉንፋን ሳይሆን ከሱ የሚከብደው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ሰው ይህን በሽታ ማስተላለፍ የሚጀምረው እሱ ራሱ መታመሙን ከማወቁ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ማን ይዞት እንደገባ አይታወቅም፤ ምናልባት እኔም ከኤርፖርት ይዤው ገብቼ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን በእህቴ ስም ጠራችኝ። ማታ ላይ ደግሞ «ላሟ ገባች?» አለችኝ። ጉለሌ ልጅ ሳለች ቤታቸው ላም ነበረ። ሆዴ ባባ፤ አገሯ ናፍቋት ነው አልኩ፤ እርጅና ነው አልኩ። ሁሉንም አሰብኩ፣ በሽታ ነው ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ትኩሳት የላትማ! በአራተኛው ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ወደቀች። ላነሳት ስይዛት እጇ ቀዝቅዟል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ አተነፋፈሷ እንደ ሮጠ ሰው ነው። አምቡላንስ ጠራሁ።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ጣቷ ላይ ያደረጉት መለኪያ በደሟ ያለው ኦክስጅን 86 በመቶ መሆኑን አሳየ። በጤናማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 95 እና ከዚያ በላይ ነው። ከአፍንጫዋ ናሙና ወሰዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢንፍሉዌንዛ ኤ እንደሆነ ነገሩን። በራጅ ሲያዩት የሳንባ ምችም ተጨምሮበታል።

አስተርጓሚ በስልክ መጣ። ነርሷ «ያምሻል ወይ?» ብላ ታስጠይቃለች። እማዬ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። አስተርጓሚው ያለችውን ነው የሚመልሰው፤ «ደህና ነኝ ትላለች»። ነርሷም ትጽፋለች። የእኛ «ደህና ነኝ» የጤና መግለጫ እንዳልሆነ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ለሰው ደግሞ ይሉኝታ እንደሆነ፣ ከእንግዳ ፊት ቆማ ያደገች ሴት ያመኛል ብላ እንደማትጀምር እንዴት አድርጌ ላስረዳት? «እማዬ፣ ጎንሽን ይወጋሻል? ስትተነፍሺ የት ላይ ነው የሚይዝሽ?» አልኳት። ያኔ ነው እጇን ደረቷ ላይ ያደረገችው። ወላጆቻችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ አብራችሁ ግቡ፤ አስተርጓሚ ቢኖርም ግቡ።

ሐኪሟ መቼ እንደጀመራት ጠየቀችኝ። አራት ቀን ሆኖታል ስላት ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ግን በቃኝ። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጠው ታሚፍሉ የሚባለው መድኃኒት ከሁሉ በላይ የሚሠራው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሆስፒታል ለተኛ ሰው ቢዘገይም ይሰጣልና ወዲያው ጀመሩላት። እነዚያን 48 ሰዓታት የጨረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ትኩሳት ስጠብቅ።

ትኩሳቱ ለምን እንዳልመጣ ያስረዳችኝም እሷ ናት። ትኩሳት የሚመጣው ሰውነት ከጀርሙ ጋር ሲታገል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያ ትግል ይደክማል፤ ስለዚህ አረጋዊ ሰው በጽኑ ታሞ ሙቀቱ እምብዛም ላይነሳ ይችላል። በሱ ፈንታ የሚታየው ድካም፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ መቀባዠር፣ መውደቅ ነው። የእማዬ ቡና፣ የእማዬ ላም፣ ሁሉም ምልክት ነበር። በአሜሪካ በኢንፍሉዌንዛ ከሚሞቱት በአብዛኞቹ ዓመታት ከ70 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከሚያስለው ወጣት ይልቅ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሽማግሌ ነው የሚያስፈራው።

በሦስተኛው ቀን ልቧ ላይ ጉዳት እንዳለ የደም ምርመራው አሳየ። ለሳንባ መጥተን የልብ ሐኪም ሲመጣብን ግራ ገባኝ። በኋላ ሳነብ ያገኘሁት፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመከሰት አደጋ ከሌላው ጊዜ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። ደም ግፊት ያለባት ሴት ናት። ይህን በጥቅምት ባውቀው ኖሮ!

በጥቅምት እኮ ላስከትባት ነበር። «ሳልታመም መርፌ?» አለችኝ፤ እኔም አልገፋሁበትም። ግሪን ካርድ ከያዘች አምስት ዓመት ስላልሞላት ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የላትም፤ ፋርማሲ ስንት ይጠይቁኝ ይሆን የሚለውም በሆዴ ነበር። የጤና ቢሮው በነፃ የሚከትብባቸው ቀናት እንዳሉት ያወቅሁት ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያዘናጋኝ ቃሉ ነው። «የጉንፋን ክትባት» ነበር ያልኳት። ለጉንፋን ማን መርፌ ይወጋል?

በስድስተኛው ቀን ትንሽ ነቃ ስትል «ምንድን ነው ያመመኝ?» አለችኝ። «ኢንፍሉዌንዛ።» «እሱ ምንድን ነው?» ምን ብዬ ልንገራት ብዬ ሳስብ መጣልኝ፤ «የኅዳር በሽታ» አልኳት።

ዓይኗን ከፈተች። እማዬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ግቢዋን ጠርጋ፣ ቆሻሻውን አቃጥላ ሰፈሩን የምታጥን ሴት ነበረች። አያቷ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ከተማውን የጨረሰውን በሽታ በዓይናቸው አይተዋል፤ ራስ ተፈሪም ታመው መትረፋቸውን፣ ቀባሪ ጠፍቶ ጅብ ከተማ መግባቱን እየነገሩ ነው ያሳደጓት። «ያ ነው? እሱ ዛሬም አለ?» አለችኝ። ዝርያው በየጊዜው ይለዋወጣል እንጂ ዘሩ አንድ ነው አልኳት። ያኔ ጎረምሳውን እየመረጠ ይጥል ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚበረታው በሽማግሌው ላይ ነው።

ጥቂት ቆየችና «የኅዳር በሽታ ነው ብለሽኝ ቢሆን መቼ እምቢ እል ነበር» አለች። በቁጣ አይደለም ያለችው። እንዲያውም እጄን ይዛኝ ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ወጣች። ሳንባዋ ዳነ፤ ጉልበቷ ግን አብሯት አልወጣም። አልጋ ላይ የቆየ አረጋዊ ጡንቻው ቶሎ ይከዳዋል። በፊት ደረጃውን ልብስ ተሸክማ የምትወጣ ሴት አሁን ምኝታዋ ሳሎን ነው፤ የላይኛውን ፎቅ ከዚያ ወዲህ አላየችውም። ጀበናውን ግን ከተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት ጥዳዋለች፤ ወንበር አስጠግቼላት፣ ተቀምጣ።

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ ወስጄ አስከተብኳት። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተለየ ክትባት አለ፤ አንዱ ከመደበኛው አራት እጥፍ ንጥረ ነገር የያዘ ነው። እነዚህ ዓይነቶች ለአረጋውያን እንዲመረጡ በአሜሪካ የተመከረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ ስሙን ባታውቁት «ለአረጋዊ የሚሰጠውን» በሉ። ጨርሶ እንዳይዝ ዋስትና አይሰጥም፣ ሲይዝ ግን ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ሰውነት ለመዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ሰው ሁሉ ማሳል ሳይጀምር መሄድ ነው።

ኅዳር 12 ቀን እዚህ ቆሻሻ ማቃጠል አይቻልም። እማዬ ትንሽ ዕጣን አጨሰችና ስልኳን አንስታ የማኅበሯን እናቶች በየተራ ደወለችላቸው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «የኅዳሩን መርፌ ተወጋሽ ወይ?» ስትል ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማታለሁ።