ማድ ቤቱ የቱ ጋ ነው?

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ የሰዓሊና ቀራፂዋን የሉዊዝ ቡርዥዋን ስራዎች ሳይ አመሸሁ። ፋም ሜዞን የሚባሉት ስዕሎች እ.ኤ.አ. በ1946 እና 47 ገደማ የሳለቻቸው ናቸው፣ በፈረንሳይኛ ቃል በቃል «ሴት ቤት» እንደማለት ነው። ከወገቧ በታች እርቃኗን የቆመች ሴት፣ ከላይ ግን ፊት የለ ደረት የለ፣ በርና መስኮት ያለው ቤት ነው። አንዷ ከቤቱ ጎን ትንሽዬ እጅ አውጥታለች፣ ሰላም እያለች ይሁን አውጡኝ እያለች አይለይም። እዛች እጅ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

ቡርዥዋ ያኔ ከፓሪስ ኒውዮርክ ከገባች 10 ዓመት አልሞላትም፣ የ3 ወንዶች ልጆች እናት ናት፣ ቅርፃቅርፅ የምትሰራው ደሞ የሚኖሩበት ህንፃ ጣሪያ ላይ ወጥታ ነበር። ቤት ጭንቅላታቸው ላይ የወጣባቸውን ሴቶች የሳለች ሰው እሷ የቤቱ አናት ላይ ወጥታ ስትሰራ ሳስባት ሆዴ ይላወሳል።

እኛ ጋ «ሴት በማጀት ወንድ በችሎት» ይባል የለ፣ ይሄ ተረት ለኔ የቤት ፕላን ነው የሚመስለኝ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ማን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚያወራ ግድግዳ ሳይቆም በፊት ተወስኗል። የድሮው ቤታችን እንደዛው ነበር። ሳሎኑ የአባዬና የእንግዳ፣ ጓዳው የእማዬ። እንግዳ ካለ እማዬ ሳሎን ስትገባ ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን ደፋ አድርጋ ነው፣ ጓዳ ስትመለስ ግን ሌላ ሰው ናት፣ ከጎረቤቶቿ ጋ የምትስቀው እዛ፣ የምታለቅሰው እዛ፣ ብር የምትደብቀውም እዛው የሽሮ ጣሳ ስር። ልጅ ሆኜ በመጋረጃው ስንጥቅ አጮልቄ አያት ነበር። ቡርዥዋ እርጅናዋ ላይ ሴል የምትላቸውን ክፍሎች በአሮጌ በርና በሽቦ ወንፊት ስትሰራ አንዳንዶቹን ገብተህ አታያቸውም፣ በክፍተት ነው የምታጮልቀው፣ ፎቶአቸውን ሳይ ያ መጋረጃ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዛ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ጓዳ የሚባል ነገር ቀረ፣ ኪችኑ ሳሎኑን ፊት ለፊት ያያል። አባዬ ስንት ዓመት ጓዳ ገብቶ የማያውቅ ሰውዬ ውሃ ራሱ መቅዳት ጀመረ፣ ማንም አልመከረውም፣ ሶስት እርምጃ ስለሆነ ብቻ ነው፣ እማዬ ስንት ሰዓት እንደምትቆምም ያኔ ነው ያየው፣ አንድ ቀን ወንበር ወስዶ አስቀመጠላት። ይሄ ደስ ይለኛል በእውነት። እማዬ ግን ዝም እያለች መጣች፣ ሳቋ ቀነሰ፣ ጎረቤት መጥራት ተወች፣ በወሩ ኪችኑ በር ላይ መጋረጃ ሰቀለች። የሽንኩርት ጭስ ነው አለችን፣ አመንናት። ያንን ጓዳ እስር ቤቷ ነው ስል ነው ያደግኩት፣ የራሷ የምትለው ብቸኛ ቦታ እሱ እንደነበር ግን አንዴም አስቤው አላውቅም፣ ለዚህ አሁንም ይቆጨኛል።

ዛሬ ጠዋት ቡና እያፈላች ስዕሉን አሳየኋት። መጀመሪያ «ምነው ልጄ፣ እግሯን ብርድ አይመታትም?» አለች። ከዛ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በሁለት ጣቷ አጉልታ ቤቱን መስኮት በመስኮት አየችው፣ ቆየች፣ ጀበናው ሊገነፍል ነው እስክላት ድረስ።

«ማድ ቤቱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

እኔም ፈለግኩት። የለም።