ኩላሊትን ሳይቆራርጡ ውስጡን ማየት

የአይጥ ኩላሊት ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች አንዱንም ሳልቆርጥ፣ ከነጥልቀታቸው ለማየት ተነሣሁ። በሌዘር እየቃኘ ንብር በንብር የሚቀርጸው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ባልጠራ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ወደ መቶ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ሲወርድ ምስሉ ይደበዝዛል። የሌዘሩን ኃይል መጨመር ብዙም አይፈይድም። ውኃ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.33፣ የስብ 1.45፣ የፕሮቲን ደግሞ 1.5 አካባቢ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይበተናል። ዘይት የነካው ወረቀት ብርሃን የሚያሳልፈው በቃጫዎቹ መካከል የነበረውን አየር ዘይቱ ስለሚተካው ነው፤ ሕብረ ሕዋስ የሚጠራውም በዚሁ መንገድ፣ ውኃው ብርሃንን እንደ ፕሮቲን በሚሰብር ፈሳሽ ሲተካ ነው። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ቨርነር ሽፓልተሆልስ ይህንን ከመቶ ዓመት በፊት ሠርቶበታል።

ስለዚህ ድካሜ ሁሉ ዝግጅቱ ላይ ሆነ። ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ብርሃን ስለሚውጥ ደሙን በጨው ውኃ አጥቤ አስወጣሁ። ሌዘር ሲያርፍበት የሚያበራውን ፍሎረሰንት ቀለም የሰጠሁት በራሱ በደም ሥር በኩል ነው፤ ከውጭ እስኪሰርግ ቢጠበቅ ዳሩ ደምቆ መሀሉ ባዶ ይቀራል። ከዚያ በፎርማሊን አጸናሁት፣ እየጠነከረ በሚሄድ አልኮል ውኃውን አወጣሁ፣ በመጨረሻም የብርሃን ስብራት መጠኑ 1.56 የሆነ ኤቲል ሲናሜት የተባለ ፈሳሽ ውስጥ ነከርኩት። ፈሳሹ አንዳንድ ፕላስቲክ ስለሚያሟሟ ዕቃው ብርጭቆ ይሁን። መጀመሪያ ጠርዙ ጠፋ፣ ቀጥሎም ከሥሩ ያኖርኩት ወረቀት ላይ ያለው ፊደል በኩላሊቱ ውስጥ አልፎ ተነበበ። ይህን ማየት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል! መሀሉ ላይ ነጣ ያለ ብዥታ ከቀረ ውኃው አላለቀምና ወደ አልኮሉ መመለስ ነው።

ሙሉውን ኩላሊት የቀረጽኩት ከጎን ስስ የብርሃን ንጣፍ በሚልክ ማይክሮስኮፕ ነው። የሚበራው የሚቀረጸው ንብር ብቻ ስለሆነ ሥራው ፈጣን ነው፣ ቀለሙም ቶሎ አይደበዝዝም።

ጠለቅ ያለ ዝርዝር ስፈልግ ወደ ኮንፎካሉ እመለሳለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሌንሱ በአየር ውስጥ ሆኖ 1 ማይክሮን ሲወርድ፣ ትኩረቱ በፈሳሹ ውስጥ 1.56 ማይክሮን ገደማ ይወርዳል። ይህ ካልታረመ ደም የሚያጣራው ድቡልቡል ግሎሜሩለስ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። አልኮሉም ሕብረ ሕዋሱን ያኮማትረዋል። የደም ሥርን ስፋት በቁጥር የሚያቀርብ ሁሉ የኩላሊቱን ርዝመት ከማጥራቱ በፊትና በኋላ ለክቶ ልዩነቱን ከውጤቱ ጋር ማስፈር አለበት።