ጭቃው ከአፈ ታሪኩ ይቅደም፦ የጥንት ግሪክ ጽሑፎችን ለተፈጥሮ አደጋ ማስረጃነት የምመረምርበት መንገድ

በጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ ውስጥ የእውነተኛ የተፈጥሮ አደጋ ትዝታ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ «አለ» ነው። ግን እዚያ የሚደረሰው ከአፈ ታሪኩ በመነሳት አይደለም። ፕላቶ በባሕር ሰጠመች ብሎ ከተረካት ከአትላንቲስ የጀመረ ሰው ታሪኩን የሚመስል ፍርስራሽ ፍለጋ ይወጣል፤ የሚመስል ነገር ደግሞ አይጠፋም። እኔ የምጀምረው ዓመቱ ከሚታወቅና በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ከጻፉት ክስተት ነው። መንገዱን በዚያ ከፈተንኩ በኋላ ነው ወደ አማልክቱ ዘመን የምሄደው።

የምሠራው በሰንጠረዥ ነው። አንድ ረድፍ የምሰጠው ለእያንዳንዱ አደጋ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ነው። ዓምዶቹ፦ ማን ጻፈው፣ ከአደጋው ስንት ዓመት በኋላ፣ ከማን ሰምቶ፣ ምን ታየ፣ ምክንያቱስ ምን ነው ተባለ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መለያየት የሥራው ግማሽ ነው። «ባሕሩ ሸሸ» የታየ ነገር ነው፤ «ፖሴይዶን (የባሕርና የመሬት መንቀጥቀጥ አምላክ) ተቆጣ» የተሰጠ ምክንያት ነው። ምክንያቱን ስላልተቀበልን የታየውን አብረን መጣል የለብንም።

ለመለማመጃ ከሄሊኬ የተሻለ አላውቅም። ይህች ከተማ በቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ነበረች፤ በ373 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ክረምት (በአውሮፓ ብርዳማው ወራት) በአንድ ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥና በባሕር ማዕበል ጠፋች። ምስክሮቹ ብዙ ይመስላሉ። በዘመኑ የነበረው ፈላስፋ የጳንጦሱ ሄራክሊዴስ ከተማዋ ከባሕሩ 12 ስታዲዮን (የጥንት ግሪክ የርቀት መለኪያ) ትርቅ እንደነበር፣ አስከሬን እንዲያነሱ የተላኩት 2000 ሰዎችም እንዳልተሳካላቸው ጽፏል፤ ይህን ያቆየልን ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው የጂኦግራፊ ሊቁ ስትራቦ ነው። አሪስቶትል በልጅነቱ የደረሰ አደጋ ስለሆነ በአጭሩ ይጠቅሰዋል። ሊቁ ኤራቶስቴኔስ 150 ዓመት ገደማ ቆይቶ ቦታውን አይቷል፤ ጀልባ ቀዛፊዎች የፖሴይዶን የነሐስ ሐውልት ውሃው ውስጥ እንደቆመ፣ ለመረብ አጥማጆችም አደገኛ እንደሆነ ነግረውታል። ተጓዡ ጸሐፊ ፓውሳንያስ የጻፈው ከ500 ዓመት በኋላ ነው። አይጦችና እባቦች ከአምስት ቀን በፊት ከተማዋን ጥለው ወጡ የሚለው ታዋቂ ዝርዝር ግን የሚገኘው ከሁሉም ዘግይቶ በጻፈው በኤሊያኖስ ነው።

በሰንጠረዡ ሲቀመጥ ነገሩ ራሱን ይናገራል። ቀረብ ያሉት ጸሐፊዎች ርቀትና የሰው ቁጥር ይሰጣሉ፤ የራቁት ተአምር ይጨምራሉ። አምስት ሰዎች ከአንድ ሰው ቀድተው ከሆነም ያለን አንድ ምስክር ነው እንጂ አምስት አይደለም። ስለዚህ ቃል ለቃል የሚመሳሰሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሳገኝ ረድፎቹን አንድ ላይ አስራቸዋለሁ።

ቀጥሎ ልኬቱን እመነዝራለሁ። አንድ ስታዲዮን እንደየአገሩ ከ177 እስከ 192 ሜትር ገደማ ስለሚሆን 12 ስታዲዮን ከ2.1 እስከ 2.3 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ካርታ ላይ ያሳስታል፤ ሁልጊዜ ታችኛውንና ላይኛውን መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከፋው ግን የጥንቱን ርቀት ከዛሬው የባሕር ዳርቻ መለካት ነው። ሄሊኬን ለረጅም ጊዜ የፈለጓት ባሕሩ ውስጥ ነበር። ተመራማሪዎቹ ዶራ ካትሶኖፑሉና ስቲቨን ሶተር በ1988 እ.ኤ.አ. በጀመሩት ሥራም የባሕሩ ወለል በሶናር (በድምፅ ሞገድ በሚያይ መሣሪያ) ሲፈተሽ ከተማዋ አልተገኘችም፤ ከዚያ ፍለጋው ወደ የብስ ዞሮ መሬቱ በመሰርሰሪያ ተፈተሸ። በ2001 እ.ኤ.አ. በሪዞሚሎስ መንደር አቅራቢያ፣ ዛሬ እርሻ በሆነ መሬት ላይ፣ የዘመኑ ሕንፃዎች ፍርስራሽ ከጥንት የባሕር ዳር ኩሬ ደለል ሥር ተገኘ። ከተማዋን የዋጣት ውሃ እውነት ነበር፤ ኩሬውን ደግሞ የሴሊኑስና የኬሪኒቴስ ወንዞች ያመጡት አፈር ደፍኖታል። ጽሑፉ አልዋሸም፤ የተሳሳተው ንባቡ ነው።

የማዕበል ዘገባ ሲሆን በጣም የማምነው የአቴናውን ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስን ነው። በ426 ቅ.ል.ክ. በጋ (በአውሮፓ ሞቃቱ ወራት) የደረሰውን ሲጽፍ ሦስት ቦታዎችን ይለያል። በኤውቦያ ደሴት በኦሮቢያይ ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ተመልሶ የከተማዋን ከፊል ያዘ። በአታላንቴ ደሴት የአቴናውያንን ምሽግ ከፊል ጠርጎ ወሰደ፤ ወደ የብስ ተጎትተው ከነበሩት ሁለት መርከቦች አንዱን ሰበረ። በፔፓሬቶስ ደሴት ግን ባሕሩ ቢሸሽም ጎርፍ አልመጣም። ይህን የመጨረሻውን አስምሩበት። ታሪክ የሚያሳምር ሰው «እዚህ ጎርፍ አልመጣም» ብሎ አይጽፍም። ቱሲዲደስ በራሱ ግምት ምክንያቱ የመሬት መንቀጥቀጡ ነው፣ ያለዚያ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም ይላል።

ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ በሰሜን ግሪክ የነበረችውን የፖቲዴያን ከተማ ስለከበቡት ፋርሶች የጻፈውም በዚሁ ዓይን ይነበባል። በ479 ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ ገደማ ባሕሩ ለረጅም ጊዜ ሸሸ፤ ወታደሮቹ በደረቀው ወለል መሻገር ጀመሩ፤ ከመንገዱ አምስት እጅ ሁለቱን ሄደው ሦስቱ ሲቀራቸው ታይቶ የማይታወቅ ውሃ መጣባቸው። እሱ የፖሴይዶን ቅጣት ነው የሚለውን ይቀበላል። በእኔ ሰንጠረዥ ያ በምክንያት ዓምድ ይቀመጣል፤ የሸሸው ባሕርና ተመልሶ የመጣው ውሃ በታየው ዓምድ ይቀራል።

ስለ ዓመታት አንድ ጥንቃቄ። የአቴና ዓመት በበጋ ስለሚጀምር በሁለት የአውሮፓ ዓመታት ላይ ይተኛል። ከ1 ቅ.ል.ክ. በኋላ የሚመጣው 1 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዜሮ ዓመት የለም። የሥነ ፈለክ ሶፍትዌሮች ግን ዜሮን ስለሚቆጥሩ 373 ቅ.ል.ክ. በእነሱ -372 ይሆናል። የእኛን የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ከልደት በፊት ባሉ ዓመታት ላይ መጨመር ወይም መቀነስ መዘባረቅ ስለሚያመጣ እስከ መጨረሻው በአንድ አቆጣጠር መሥራት ይሻላል። ለማረጋገጫ ግርዶሽ ይረዳል፤ ቱሲዲደስ የጠቀሰው የፀሐይ ግርዶሽ ነሐሴ 3 ቀን 431 ቅ.ል.ክ. (በአውሮፓ አቆጣጠር) መሆኑ በስሌት ይታወቃል።

ከወረቀቱ ወደ መሬቱ ስንመጣ የምፈልገው የተረጋጋ የባሕር ዳር ኩሬ ደለል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ በየዓመቱ የሚጠራቀመው ልም ጭቃ ነው፤ ሱናሚ ሲመጣ በመሃሉ የአሸዋ ንጣፍ ይጥላል። በቱቦ የወጣውን ናሙና ለሁለት ሰንጥቆ ማየት ነው። የአሸዋው የታች ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ከታች ሻካራ ሆኖ ወደ ላይ እየላመ ይሄዳል፤ ከሥሩ የተቦጨቀ የጭቃ ጓል ይዟል። ከዚያ በየ1 ሴንቲ ሜትር እየተወሰደ በ63 ማይክሮን ወንፊት ይታጠብና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከባሕር ብቻ የሚመጡ የፎራሚኒፌራ (ባለ አንድ ሕዋስ ደቃቅ ፍጥረታት) ቅርፊቶች በኩሬው ጭቃ መሃል በድንገት ከበዙ ውሃው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ከባድ ወጀብም ተመሳሳይ ንጣፍ ስለሚጥል በአንድ ምልክት ብቻ «ሱናሚ ነው» ማለት ውሃ አያነሳም። ንጣፉ ወደ የብስ ምን ያህል እንደገባና በሌሎች ኩሬዎች መደገሙ መታየት አለበት።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ዕድሜውን ሲያስለኩ ነው። ከንጣፉ በላይና በታች የተገኘ ዘር፣ ቅጠል ወይም ቀጭን ጭራሮ ተመራጭ ነው፤ የትልቅ ዛፍ ግንድ ከአደጋው በፊት ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ሊሆን ይችላል። የባሕር ዛጎል ደግሞ ከእውነተኛ ዕድሜው 400 ዓመት ያህል ያረጀ መስሎ ስለሚታይ ማስተካከያ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ከ800 እስከ 400 ቅ.ል.ክ. ገደማ የራዲዮካርቦን (በቅሪቱ ውስጥ በቀረው ካርቦን ዕድሜ የሚለካበት ዘዴ) ማስተካከያ መስመር ጠፍጣፋ መሆኑ፣ ማለትም የተለያዩ ዓመታት ተመሳሳይ ልኬት መስጠታቸው ነው። የፖቲዴያና የኦሮቢያይ ማዕበሎች እዚያው ውስጥ ይወድቃሉ። በዚያ ዘመን አንድ የካርቦን ልኬት ብቻውን 479ኙን ከ426ቱ አይለይም፤ የሸክላ ስብርባሪና ሳንቲም የተሻለ ይናገራሉ። «የካርቦን ምርመራ የሄሮዶቱስን ዓመት አረጋገጠ» የሚል ነገር ካነበባችሁ የስህተት ወሰኑን ተመልከቱ።

ጽሑፍና መሬት ከተገናኙባቸው ሁሉ በጣም የምወደው የ365 እ.ኤ.አ. አደጋ ነው። ሐምሌ 21 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በእኛ ሐምሌ 27 ቀን 357 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በቀርጤስ አካባቢ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ግሪካዊው ወታደርና ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ ማርኬሊኖስ በላቲን ሲጽፍ ባሕሩ እንደሸሸ፣ ሰዎች ዓሣ ሊለቅሙ እንደገቡ፣ ውሃው ተመልሶ እንደፈጃቸው፣ በእስክንድርያ መርከቦች ጣራ ላይ እንደቀሩ ይተርካል። ይህ ሁሉ ሰምቶ ነው። አንዱን ግን ራሱ አይቷል፦ በሞቶኔ አቅራቢያ ከባሕሩ ሁለት ማይል ገደማ ርቆ የበሰበሰ መርከብ። በአንድ ገጽ ውስጥ እንኳ የታየውና የተሰማው ለየብቻ ይመዘገባል።

መሬቱ ደግሞ በምዕራብ ቀርጤስ ይታያል። የጥንቱ የፋላሳርና ወደብ ዛሬ ከባሕሩ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደርቆ ቆሟል፤ ሌላ ቦታ የቀድሞው የባሕር መስመር እስከ 9 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ድንጋዩ ሲነሳ ከውሃ ወጥተው የሞቱት የባሕር እንስሳት ቅሪት የካርቦን ዕድሜ ከዚያ ዘመን ጋር ይስማማል።

ለዚህ ክስተት የእኛ ሥነ ጽሑፍም ምስክር አለው። ዮሐንስ መደብር ብለን የምናውቀው የኒቅዩስ ጳጳስ ዜና መዋዕል ዛሬ ያለው በግዕዝ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ባሕሩ በእስክንድርያ ላይ ተነስቶ ሄፕታስታዲዮን እስከሚባለው ቦታ እንደደረሰ፣ አትናቴዎስ ከካህናቱ ጋር ወጥቶ እንደጸለየ፣ ባሕሩም እንደተመለሰና ከተማዋ እንደዳነች ይነበባል። ብዙዎች ከ365ቱ ጋር ያያይዙታል፤ እኔም እስማማለሁ፤ አትናቴዎስ በዚያ ሐምሌ በከተማዋ ነበር። አሚያኖስ ስለ ጥፋት፣ ዮሐንስ ስለ መዳን ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ለጻፈለት ዓላማ የሚሆነውን መርጧል። ለእኔ የሚጠቅመኝ የቦታው ስም ነው፦ ሄፕታስታዲዮን የፋሮስን ደሴት ከከተማዋ የሚያገናኘው ግድብ ነበር፤ ስለዚህ ጽሑፉ ውሃው የት እንደደረሰ ይናገራል።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ወጥመድ አለ። የ365ቱ ዝና ትልቅ ስለሆነ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የተገኘ የፈረሰ ግድግዳ ሁሉ በእሱ ይሳበባል፤ ከዚያ ግድግዳው የአደጋውን ስፋት እንደሚያሳይ ይጻፋል። ጽሑፉ ግድግዳውን፣ ግድግዳው ጽሑፉን ሲያስረዳ ማስረጃ አልተገኘም። ግድግዳው ከጽሑፉ ተነጥሎ ዕድሜው ካልታወቀ ከሰንጠረዡ አወጣዋለሁ።

አሁን ወደ አፈ ታሪክ መግባት ይቻላል። የሳንቶሪኒ ታላቅ ፍንዳታ በ17ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. መጨረሻ ነው ወይስ በ16ኛው የሚለው ክርክር አልተዘጋም። በ1939 እ.ኤ.አ. ስፒሪዶን ማሪናቶስ የቀርጤስን የሚኖአውያን ሥልጣኔ ያፈረሰው ይህ ነው ሲል ያቀረበው ሐሳብ ብዙ ሰው ማርኳል። ነገር ግን በቀርጤስ በሞክሎስ አመዱ የተገኘው በኋላ ከፈረሱት ቤቶች መሠረት ሥር ነው፤ ሰዎች ከአመዱ በኋላ ቤት ሠርተዋል። አትላንቲስንም በዚህ ፍንዳታ ለማስረዳት መሮጥ አያስፈልግም። ሄሊኬ ስትሰጥም ፕላቶ ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ሰው ነበር። በአንድ ቀንና ሌሊት የምትጠፋ የፖሴይዶን ከተማ ለመጻፍ ከራሱ ዘመን ወሬ የራቀ ምንጭ አይፈልግም።

የሚያሳምነኝ አፈ ታሪክ የኮፓይስ ነው። በመካከለኛው ግሪክ በቦዮቲያ ያለው ይህ ሜዳ ዙሪያውን በተራራ የተከበበ ነው፤ ውሃው ይወጣ የነበረው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ባሉ የተፈጥሮ ጉድጓዶች ነበር። ጉድጓዶቹ በናዳ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ሲደፈኑ ሜዳው ሐይቅ ይሆን ነበር። የጎረቤት ከተማ ሰዎች የሆኑት ቴባውያን የአፈ ታሪኩ ጀግና ሄራክሌስ ጉድጓዱን ደፍኖ በዚያው ያለውን የኦርኮሜኖስን ሜዳ አጥለቀለቀ ይሉ ነበር፤ በአርካዲያ ባለው በፌኔዎስ ሜዳ ደግሞ ያው ጀግና ለውሃው መውጫ ቦይ ቆፈረ ይባላል። አሠራሩ በሁለቱም ቦታ ትክክል ነው፤ በኮፓይስ ሜዳም የነሐስ ዘመን ግድቦችና ቦዮች ተገኝተዋል። ግን እንዲህ ያለ ሜዳ ደጋግሞ ስለሚጥለቀለቅ ታሪኩ የአንድ ጎርፍ ትዝታ ነው ማለት አይቻልም። በዚህ ረድፍ ቦታውንና የአደጋውን ዓይነት እሞላለሁ፤ የዓመቱን ዓምድ ባዶ እተወዋለሁ።