«አይዞሽ» ያልገባው መነጽር

ባለፈው ሳምንት የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ለጠፍኩ። ጥቁር መነጽር ግማሽ ፊቴን ሸፍኖት፣ እጆቼን አየር ላይ ዘርግቼ፣ ባዶ ክፍል መሃል ቆሜ። ከሥሩ «ዛሬ ሥራ ላይ» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ወዲያው ተግተለተለ። «አንቺ፣ ዶክትሬት ብለሽ ሄደሽ ጌም ነው እንዴ የምትጫወቺው?» አለች አንዷ። «ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?» አለ ሌላው። «ስትጨርሺ መነጽሩን ላኪልን» ያለም አለ። ከሁሉም ግን አንዲት ጥያቄ ውስጤ ቀረች። የጠየቀችኝ አብራኝ አዳር ትገባ የነበረች ልጅ ናት። «እዛ ሆነሽ ማዋለድ አይናፍቅሽም?»

ይናፍቀኛል። ኖርዌይ ከመጣሁ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። እስካሁን አንድም ሕፃን በእጄ አልተቀበልኩም። ታኅሣሥ ላይ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲል ይጨልማል። ያኔ በመስኮት እያየሁ የማዋለጃ ክፍላችን ድምፅ ትዝ ይለኛል። «ማርያም ማርያም» የሚሉት እናቶች፣ ከበር ውጭ የምትንጎራደደው አማት፣ ከዚያ እልልታው።

እኔ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ 7 ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን የምለው በኩራት ነው። ወባ ደምቢያን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም፣ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒቴሪያኑን) በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ተማሪው ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ፣ ሕዝቡ መሃል ገብቶ፣ ጉድጓድ ውኃውንና ሽንት ቤቱን አይቶ ይማር ነበር። እዚህ «በቡድን መማር» የሚባለውን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ሲያቀርቡት ስሰማ፣ እጄን አውጥቼ «እኛ ጋ ከ70 ዓመት በፊት ተጀምሯል» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ብያለሁ። አሁን አማካሪዬ ራሱ ቀድሞ ይናገርልኛል።

አማካሪዬን በስሙ ብቻ ነው የምጠራው። ፕሮፌሰር ማለት የለም፣ አንቱ ማለት የለም። ለእኔ ሲስተር ተብዬ 7 ዓመት ለኖርኩት፣ የ60 ዓመት ሰው «አንተ» ማለት ከበረዶው በላይ ከብዶኝ ነበር። እነሱ ደግሞ እኛ ማዕረግ ስንደረድር ሲሰሙ ግራ ይገባቸዋል። እውነቱን ለመናገር የእነሱ ነገር አንድ ጥቅም አለው። ተማሪ አስተማሪውን «ተሳስተሃል» ብሎ ቡና አብሮት ይጠጣል። እኛ ቤት ይህ ቢለመድ ብዙ ሕይወት ይተርፍ ነበር።

ወደ መነጽሩ ልመለስ። ሰው ሁሉ ስለ እሱ ስለሚጠይቀኝ አንድ ቀን የሆነውን ልናገር።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ነው። ጤና ትምህርትን በቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም መነጽሩ ውስጥ እንደ እውነት በሚታይ ምናባዊ ዓለም፣ መስጠትን የሚያጠናው ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። ሁላችንም ፕሮግራሙን እንድንሞክረው ተባለ። ክፍሉ ውስጥ 14 ሰው አለ። አንዱ መነጽሩን ያደርጋል፣ እሱ የሚያየውን ሌላው ግድግዳው ላይ ባለ ትልቅ ስክሪን ያያል። ተራዬ ሲደርስ ማሰሪያው ሹሩባዬ ላይ አልገባ አለ። ሁለት ሰው መጥቶ ታገለው። በስንት መከራ ገባ።

ዓይኔን ስገልጥ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነኝ። አልጋው ላይ አንዲት እናት ተኝታለች። ልጁ ተወልዷል። ደሟ ግን አልቆም ብሏል። ሥራዬ ሕመሟ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ማስረዳት፣ ማረጋጋት፣ ፈቃዷን መጠየቅ፣ ከዚያ መርፌውን መውጋት ነው። ፕሮግራሙ ንግግሬን ሰምቶ ካልተረዳኝ ወደሚቀጥለው ደረጃ አያሳልፍም።

ሴትየዋን ሳያት እውነት መሰለችኝ። ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ይለምነኛል። ከአፌ የወጣው «አይዞሽ» ነው።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። ደግመሽ ንገሪኝ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

በእንግሊዝኛ ነገርኳት። «ይቅርታ፣ አልገባኝም።» ቀስ ብዬ ነገርኳት። «ይቅርታ፣ አልገባኝም።» ቃል በቃል እየለያየሁ ነገርኳት። እዚያው ናት። ሰዓቱ ይቆጥራል። እጄ ሳላዝዘው ማህፀኗን ለማሸት ሄደ። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ እንጂ የእኔን እጅ አይደለም። ደሙን የሚያቆመው መርፌ፣ ኦክሲቶሲኑ፣ ጠረጴዛው ላይ ይታየኛል። 10 ዩኒት፣ ጭኗ ላይ። ስንት ጊዜ ወግቼዋለሁ! አሁን ግን መንካት አልችልም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ አነጋገሬ አልገባውም። ደሙ ከአልጋው ወለሉ ላይ ወረደ። የደም ግፊቷ ወደቀ። ስክሪኑ ቀላ። ሞተች።

ጤና ጣቢያ ሳለሁ አንዲት እናት በዚሁ ደም አጥቻለሁ። አምቡላንሱ ጎንደር ሳይደርስ። እዚያ ክፍል ውስጥ የታየኝ የእሷ ፊት ነው። መነጽሩን ሳወልቅ ውስጡ በእንባ ርሶ ነበር። አንድ ሰው ሶፍት አቀበለኝ። ሌላው ሁሉ ዝም አለ። እነዚህ ሰዎች ዝምታቸው ክብር ነው፣ ይህንን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው። ያን ቀን ንቀት መስሎኝ ነበር።

ከሞቷ ይልቅ ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የወጣው የውጤት ወረቀት ነው። ከ100፣ 31። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ለታካሚዋ ምንም የማረጋጊያ ቃል አልተናገረችም።» እኔ! የመጀመሪያ ቃሌ አይዞሽ የሆነው እኔ! ከእኔ በፊት የገባው ልጅ ያጠናው ኮምፒውተር ነው፣ ምጥ የያዛት ሴት በዕድሜው አይቶ አያውቅም። 82 አመጣ።

ያንን ወረቀት አልጣልኩትም። እስከዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ለወራት ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ ነው ብዬ ስሸማቀቅ ቆየሁ። ስብሰባ ላይ መናገር ተውኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። የአማዞንን፣ የአፕልን፣ የጉግልን፣ የአይቢኤምንና የማይክሮሶፍትን ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ፈተኑ። ነጭ አሜሪካውያን ሲናገሩ ከ100 ቃል 19 ያህሉን ነው የሚሳሳቱት። ጥቁር አሜሪካውያን ሲናገሩ 35። ልብ በሉ፣ እነዚህ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ናቸው። እዚያው ተወልደው ያደጉት እንዲህ ከሆኑ፣ ከቆላ ድባ የመጣችው እኔ ምን ልሆን ነው? ማሽኑ የሚሰማው ያሰሙትን ድምፅ ነው። የእኛን ማንም አላሰማውም።

ወረቀቱን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። «ተሳስታችኋል» አልኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰማኝ። ከዚያ «እንግዲያው የጥናትሽ ርዕስ ይኸው ነው» አለኝ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቤ እንደኛው «እ» አልኩት።

የገረመኝ እዚህ ጋ ነው። እሱም ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «ያ» አለኝ። ኖርዌጂያኖችም እንደኛ ያደርጋሉ! በዚህ ዓለም ላይ እኛ ብቻ የነበርን ይመስለኝ ነበር። የቢሮዋ ጸሐፊ ታደርገዋለች፣ አውቶቡስ ላይ አሮጊቶች ያደርጉታል። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ በዚህ ምክንያት «ምን ሆንሽ፣ አመመሽ?» እየተባለች ተሰቃይታለች። ማሽኑ ግን የእኔንም የእሱንም ትንፋሽ አይሰማም። ለእሱ ሁለታችንም ዝም ብለናል።

ስለ ገንፎም አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ እዚህ ሴት ስትወልድ ጎረቤት ከጎምዛዛ ክሬም የተሠራ ገንፎ ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ሆስፒታል ውስጥ በትሪ ዳቦ ይሰጧታል፣ ትንሽ ባንዲራ ሰክተውበት። ባንዲራው ደስ ይላል። ገንፎውን መተዋቸው ግን ያሳዝነኛል። ምሳቸውም እንደዚያው ነው፣ ደረቅ ዳቦ፣ ላዩ ላይ ቡናማ አይብ፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። እኛ ደግሞ ለአራስ ጥየቃ ብለን 40 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ እናጉራለን፣ እናትየዋ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። ይህንንም መናገር አለብኝ።

«ታዲያ መነጽሩ ዋጋ ቢስ ነው?» ላላችሁኝ፣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 16 የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በቨርቹዋል ሪያሊቲ ተለማመዱ። ከዚያ ሁሉም የእውነተኛ ሰው ሐሞት ከረጢት አወጡ። የተለማመዱት 29 ከመቶ ያህል ፈጠኑ። ያልተለማመዱት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ ሥጋ የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ጌም የሚለው ቃል ከውስጤ ወጣ። በሽተኛ ላይ የሚደረግን የመጀመሪያ ስህተት መነጽር ውስጥ ጨርሶ መምጣት ማለት ነው።

እኛም እኮ በአሻንጉሊት ነው የተለማመድነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረውን ጨቅላ ሕፃናት እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠና ታስታውሳላችሁ? ያቺ ለብ ያለ ውኃ ሞልተን ክብደት የምንሰጣት ጨቅላ፣ አየር የምንሰጥበት አምቡ ባግ፣ ሕፃኑ መተንፈስ ያለበት የመጀመሪያዋ ወርቃማ ደቂቃ። ያቺን አሻንጉሊት ያወጣው የዚሁ የኖርዌይ ድርጅት ነው። ኦስሙንድ ሌርዳል የሚባል የስታቫንገር አሻንጉሊት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1960 የትንፋሽ ማስተማሪያዋን «አን»ን ሠራ። ሥራው ከዚያ ተያይዞ እኛ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። መብራት አትፈልግም፣ አነጋገር አትመርጥም። መነጽሩ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ሠርቶ ቻርጅ ይላል። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

መንገድ የጀመሩም አሉ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ሬቸል ኡሞረን ይህንኑ የጨቅላ ሥልጠና ከናይጄሪያና ከኬንያ ባለሙያዎች ጋር ወደ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወስደውታል። ስማቸውን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በ1992 ዓ.ም. ሀገራችን ውስጥ ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 412። ያኔ ይህ መነጽር በመካከላችን አልነበረም። ቁጥሩን ያወረዱት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት በእግራቸው የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች፣ አዋላጆቹ፣ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ገንፎ የሚያገነፉት ናቸው። እኔ የምለፋው የእነሱ እውቀት መነጽሩ ውስጥ እንዲገባ ነው። አማቲቱ ክፍሉ ውስጥ ትኑር። «ማርያም» ይባል። «አይዞሽ» ማረጋጊያ ቃል ተብሎ ነጥብ ያግኝ።

«እኔንም ጎትቺኝ» ለምትሉኝ ደግሞ። እ.ኤ.አ. ከ2023 መከር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ይከፍላል። ነፃ ነው የሚላችሁ ደላላ ይዋሻል፣ ገንዘብ አትስጡት። ዶክትሬት ግን ሥራ ነው። እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ይወጣል፣ ትወዳደራላችሁ፣ ደመወዝ አለው። ድረ ገጹን ራሳችሁ ክፈቱ። ሁለተኛ፣ የአዋላጅነት ፈቃዳችሁ አየር ማረፊያው ላይ ይቀራል። እኔ እዚህ አገር ሕጋዊ አዋላጅ አይደለሁም። ለመሆን ቋንቋቸውን ጠንቅቄ ማወቅ፣ ከዚያ በፈተና ላይ ፈተና ማለፍ አለብኝ። ይህንን ሳታውቁ የምትመጡ አሉ፣ ሲስተር የነበረች ልጅ ጽዳት ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ። ሥራው ክቡር ነው፣ የሚያስለቅሰው ሳይነገራት መምጣቷ ነው። ሦስተኛ፣ ማመልከቻ ስትጽፉ ያዋለዳችሁትን ቁጥር አትደብቁ። «ገጠር ነው የሠራሁት» ብላችሁ አትፈሩ። እኔ ፈርቼ አንድ መስመር ብቻ ጽፌው ነበር። አማካሪዬ በኋላ ላይ ሲሰማ «ይህንን ለምን መጀመሪያ ላይ አልጻፍሽውም?» ብሎ ተቆጣኝ።

አሁን የአዋላጆቻችንን ድምፅ እየሰበሰብኩ ነው፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። ትናንት ማታ ያቺ «አይናፍቅሽም?» ያለችኝ ልጅ ጋ ደወልኩ። አዳር ላይ ነበረች። መብራት ጠፍቶ የላክሁላትን ዓረፍተ ነገሮች በስልኳ መብራት ነው የምታነበው። 12ኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ከሩቅ ሰው ሲጮህ ተሰማ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ መጣች» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ ጥላው ሮጠች። እኔ አልዘጋሁም። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት፣ ደርሰናል» ስትል ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ መልእክት ገባ። «ሴት። 3.2 ኪሎ። ከ12 እንቀጥል?»