ከብቱ ተወግቶም ገንዲ የማይለቀው ለምንድን ነው?

ገንዲ ትራይፓኖሶማ የተባለ፣ ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው። ከብቱ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይንጨባረራል፣ የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ይነጣል፣ ትከሻው ፊት ያለው ንፍፊት ያብጣል። መርፌ ይወጋና ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀና ይላል፤ ከዚያ ያገረሽበታል። "ተውሳኩ መድኃኒቱን ለምዷል" የሚባለው ያኔ ነው። መላመድ በእርግጥ አለ፣ አደገኛም ነው። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ከብቱ ስንት ኪሎ ነበር፣ ስንት ሚሊ ሊትርስ ተወጋ የሚለው ነው።

ዲሚናዚን አሲቱሬት የተባለው የገንዲ መድኃኒት ለከብት የሚሰጠው በኪሎ 3.5 ሚሊ ግራም ነው። በብዛት በሚገኘው ባለ 2.36 ግራም ፓኬት ውስጥ ዲሚናዚኑ 1.05 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው ፌናዞን የተባለ ትኩሳት ማብረጃ ነው። በ15 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲበጠበጥ ለ100 ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ አንድ ፓኬት 300 ኪሎ ያክማል ማለት ነው። ውሃ ጨምሮ ለአራት ከብት ማዳረስ አራቱንም አለማከም ነው።

ክብደት በዓይን አይገመት። ሜትር ይዛችሁ ከፊት እግር ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያም ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙና ለ10,840 አካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 የሆነ በሬ 249 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው 12.5 ሚሊ ሊትር ነው። "150 ኪሎ ቢሆን ነው" ብሎ 7.5 የወጋ ሰው በኪሎ 2.1 ሚሊ ግራም ብቻ ሰጠ። ደካሞቹ ተውሳኮች ይሞታሉ፣ ጠንካሮቹ ተርፈው ይራባሉ። ለምደዋል የምንላቸውን የምናሳድጋቸው እንዲህ ነው።

ዲሚናዚን ያቃተውን ተውሳክ አይሶሜታሚዲየም የተባለው ሌላ መድኃኒት ሊገድለው ይችላል፤ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም፣ ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት ይወጋል። ቆዳ ሥር ከፈሰሰ ሥጋውን ያቆስላል። ሆሚዲየም የተባለው መድኃኒት ግን የአይሶሜታሚዲየም ዘመድ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት ብዙ አይጠቅምም። ግመልን ዲሚናዚን በቀላሉ ይመርዛል፤ ሱራ ለሚባለው የግመል ትራይፓኖሶማ በሽታ ሜላርሶሚን በኪሎ 0.25 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

ምርመራውም ያሳስታል። ከጆሮ ሥር በካፒላሪ ቱቦ የተወሰደው ደም በሴንትሪፊዩጅ ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል። ቱቦው የሚቆረጠው ከነጩ ቀጭን ሽፋን 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ቀዩን ጥቂት ነክቶ ነው፤ ኮንጎሌንሴ የተባለው የትራይፓኖሶማ ዝርያ የቀይ ደም ሴል ላይ ስለሚለጠፍ ከሽፋኑ በላይ የቆረጠ ሰው ያጣዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዝርያ እይታውን ሰንጥቆ ይፈተለካል፤ ኮንጎሌንሴ ባለበት ይንፈራገጣል። ተውሳክ አልታየም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ትራይፓኖሶማ የፕሮቲን ካባውን እየቀያየረ ከሰውነት መከላከያ ስለሚሸሽ ቁጥሩ እንደ ማዕበል ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ክትባት ያልተገኘለትም በዚሁ ነው። ስለዚህ ፒሲቪው (ከደሙ የቀይ ሴሎች ድርሻ) ከ24 በመቶ ያነሰን ከብት አንዴ አይታችሁ አትልቀቁት።

የከብቱ ኮንጎሌንሴና ቫይቫክስ ሰውን አያሳምሙም ለማለት ይቻላል፤ ደማችን ውስጥ ያለው አፖኤል1 የተባለ ፕሮቲን ይገድላቸዋል። የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጡት ጋምቢየንሴና ሮዴሲየንሴ ግን ያመልጡታል። ሮዴሲየንሴ ከብት ውስጥ ስለሚደበቅ ከብቱን በትክክል ማከም ሰውንም ያድናል።

መጠኑ ልክ ሆኖም ካገረሸ ዝንቡ እንደገና ነክሶት እንደሆነ አጣሩ። የዲሚናዚን ጥበቃ አጭር ነው። ዴልታሜትሪን የተባለው የዝንብ መግደያ ሲቀባ እግርና ሆድ አይዘለል፤ ቆላ ዝንብ በብዛት የሚያርፈው እዚያ ነው። እንስቷ በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ ስለምትወልድ፣ የሞተችውን ለመተካት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ቫይቫክስን ግን ሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ከከብት ወደ ከብት ያሻግሩታል፤ ቆላ ዝንብ በሌለበት አገር ጭምር።